የላላችው ፊደል

አዲስ አበባ፣ መስከረም 24 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለእትዬ የብርጓል ፈንታ፣ ሮብ ገበያ

እትዬ፣ ክረምቱን እንዴት ወጡት? ጉልበትዎስ ተሻለው? እኔ ከአዲስ አበባ ብርድ በቀር የማማው ነገር የለኝም፤ ደኅና ነኝ።

እርስዎ እየነገሯቸው መሪጌታ አንሙት የጻፉልኝ ሰባቱ የሙሾ ግጥሞች በደብረ ማርቆስ አውቶቡስ ሳይረጥቡና ሳይቀደዱ ደርሰውኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከግጥሞቹ ግርጌ «ለመሆኑ ማን ሞቶባችሁ ነው?» ብለው ላስጻፉት መልሴ ይኸውና፦ ማንም አልሞተብንም። መጀመሪያ ግጥሞቹን ስጠይቅዎት በደንብ ስላላስረዳሁዎት ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ እዚህ ዜማ አስተማሪ ነኝ። ከሥራ በኋላ አርባ ሰዎች ሰብስቤ አዘምራለሁ፤ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች አሉ፣ አስታማሚዎች አሉ፣ ሁለት ሾፌሮችም አሉ። በእርስዎ ግጥሞች ሰባት ክፍል ያለው አንድ ትልቅ ዝማሬ ልሠራ ነው። መሣሪያ የለበትም። አርባው ሰው በአራት ዓይነት ድምፅ ተከፍሎ፣ በአዳራሽ ቆሞ፣ ስለ ሞት ብቻ ይዘምራል።

የእናቴ የወለተ ሰንበት ቀብር ትዝ ይልዎት እንደሆን አላውቅም፤ አሥራ አራት ዓመት ሆነው። ከደብረ ማርቆስ ትምህርት ቤት ስደርስ ተቀብራ ነበር። ሰው ሁሉ ያየኛል፣ እንባ ግን እምቢ አለኝ። ያን ጊዜ እርስዎ ተነሡና እንዲህ አሉ፦

እሳት ጫሪው ሁሉ ከደጅሽ ላይ ቆሟል፤
ገሉን ይዞ መጥቶ አመድ ተሸክሟል።

ያኔ ነው ያለቀስኩት። እናቴ እሳት የከለከለችው ጎረቤት እንዳልነበረ በሁለት ስንኝ ነገሩን። ከዚያ ወዲህ ባሕር ማዶ ሦስት ዓመት ተምሬ፣ ትልልቅ ሰዎች በትልልቅ መሣሪያ ያሰሙትን የሞት ሙዚቃ ብዙ ሰምቻለሁ። ያችን የእሳት መጫሪያ ገል የሚያህል ግን አልገጠመኝም፤ ለማሞገስ ብዬ አይደለም፣ እውነቴን ነው።

እንግዲህ ይፍቀዱልኝ። ፈቃድዎን በደብዳቤ እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ባምላኩ እንዳላማው

—

ሮብ ገበያ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ ለባምላኩ

ጉልበቴን ጠይቀሃል፤ ዳገት ሲያይ ይሰንፋል እንጂ ደኅና ነው። ድምፄ እንዴት ሳይሻክር ኖረ ብትለኝም፣ ተልባ እጠጣለሁ፤ ሌላ መድኃኒት የለኝም።

ማንም አልሞተብንም አልክ፤ መልሰህ ደግሞ አርባ ሰው አቁሜ አስለቅሳለሁ ትላለህ። ልጄ፣ ጤናህን ነው? መሪጌታ አንሙት ይህን አልጽፍም ብሎ ነበር፤ ጻፍ አልኩት፣ ጻፈ። እኔ በዚህ አገር ሙሾ ሳወርድ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ሬሳ በሌለበት አንድ ቀን አፌን ከፍቼ አላውቅም። ወፍጮ ላይ እንኳ ሳንጎራጉር ሙሾ ካመለጠኝ ሦስት ጊዜ አማትባለሁ። ሟርት ነዋ! ባለቤት የሌለው ለቅሶ ዝም ብሎ አይቀርም፤ የሚያርፍበት ሰው ሲፈልግ ይዞራል።

ያም ሆኖ ደብዳቤህን መሪጌታ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ፤ የእናትህን ገል ሳትረሳ አሥራ አራት ዓመት ይዘሃት መዞርህ አንጀቴን በላው። ወለተ ሰንበትን ምን ብዬ እከለክላታለሁ? ስለዚህ ስድስቱ ባለቤት አላቸው፣ ሞተው የተቀበሩ ናቸውና ዘምሩላቸው። ነገር ግን ከመጀመራችሁ በፊት ስማቸውን እየጠራችሁ ይሁን፤ መሪጌታ ስሞቹን በተርታ ጽፎልሃል። ለቅሶው ቤቱን አውቆ ይግባ።

ሰባተኛውን አውጣው። እኔም ቸኩዬ ነው የሰጠሁህ። የማን ነው ብለህ አትጠይቀኝ።

ደግሞ አርባ ሰው አንድ ላይ እንዴት ያለቅሳል? አንዱ ሲቀድም አንዱ ሲቀር አትደናገሩም?

የብርጓል

ከጸሐፊው፦ ልጄ ባምላኩ፣ ሰባተኛውን ብታወጣው አይቆጭህ። ሁለተኛው ስንኝ ውስጥ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ይመላለሳል፤ እኛ ቅኔ ቤት ብንሆን ተማሪው ይገሠጽበት ነበር። መሪጌታ አንሙት።

—

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 21 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለእትዬ የብርጓል

ጤናዎን እየተመኘሁ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጥፋቴን ልናገር። ደብዳቤዎ ከመድረሱ በፊት ሰባተኛውን መለማመድ ጀምረን ነበር። ከደረሰ በኋላም አላቆምኩም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ስድስቱን እንዳዘዙት አድርገናል። ዘሪቱ የምትባል አስታማሚ አለችን፤ ከሴቶቹ ሁሉ ድምፅዋ ቀጭን ነው። እሷ ብቻዋን ስሙን ትጠራለች፣ ከዚያ እንገባለን። «ወለተ ሰንበት» ያለች ዕለት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ቆየሁ። አንደናገርም ወይ ላሉኝ፣ እንደናገራለን፤ ግን አስቤበት ነው። ለቀስተኛ ከአራት ሰፈር ሲመጣ አንዱ ከሩቅ፣ አንዱ ከቅርብ ይሰማ የለ? እንደዚያው ነው የሠራሁት። ወፍራሞቹ ቀድመው ይመጣሉ፣ ሴቶቹ ይደርሱባቸዋል፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ድንኳን ይገባል።

አሁን ወደ ሰባተኛው ልምጣ። መሪጌታ የላኩልኝ እንዲህ ይላል፦

ደጄን አልዘጋውም ነፋሱ እያየለ
አምናም እመጣለሁ አለ ዘንድሮም አለ

መሪጌታ ይቀየሙኝ እንጂ፣ ከሰባቱ ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው። ጭቅጭቅ ያስነሣብንም ይኸው ነው። የመጨረሻውን «አለ» ሴቶቹ «ለ»ን አጥብቀው ዘመሩት፤ ሰውየው ዘንድሮም አለ፣ በሕይወት አለ ማለት ነው። ወንዶቹ አላልተው ዘመሩት፤ አምና እመጣለሁ ብሎ ነበር፣ ዘንድሮም እንዲሁ አለ፣ ቃሉን ብቻ ነው የሰማነው ማለት ነው። ወረቀት ላይ ያው አንድ ፊደል ነው፤ መጥበቁንም መላላቱንም አያሳይ። «ሙሾ ነው፣ ሰውየው ሞቷል፣ እንዴት ይጠብቃል?» አሉ ወንዶቹ። ዘሪቱ «ሞቶማ ከሆነ ደጁን ለምን አትዘጋውም?» አለቻቸው። ፈንታዬ የሚባል በጣም ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው አለን፤ ቀድሞ ሸንኮራ እርሻ ላይ የሠራ ነው። «ላላ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሁልጊዜ ላላ ነው» ብሎ ኮቱን አንሥቶ ወጣ። እኔም ባሕር ማዶ ከመሄዴ በፊት ይህንኑ ሙሾ ከእርስዎ ሰምቼዋለሁ፤ እዚያች ቃል ላይ ሲደርሱ ድምፅዎ ይቆረጥ ስለነበር ምን እንዳሉ አልለየሁም።

ይጠብቃል ወይስ ይላላል? እሱን ብቻ ይንገሩኝ። አሁንም አውጣው ካሉኝ ግን ቃሌ ነው፣ አወጣዋለሁ። የሬዲዮ ሰዎች ሊቀዱን ስለሚመጡ ከዚያ በፊት ማወቅ አለብኝ።

ልጅዎ ባምላኩ

—

ሮብ ገበያ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ ለባምላኩ

ይጠብቃል።

መሪጌታ አንሙት አሁን ብርዑን አስቀምጦ እያየኝ ነው። እሱም ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ሆኖ ላልቶ ነበር የሚሰማው። ጻፍ፣ አንሙት።

ልጄ ቢያዝን የሄደው በ46 ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ነው። በአዋሽ ዳር የሸንኮራ ሥራ አለ ብለው ከሉማሜ በጭነት መኪና ወጡ። በዓመቱ አንድ ነጋዴ «ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎሻል» አለኝ። ፋሲካው መጣ። በሁለተኛው ዓመት ሌላ ሰው ያንኑ ቃል አመጣ። ከዚያ ወዲህ የመጣ የለም። ሰው «ሞቶ ይሆናል፣ ተዝካሩን አውጪ፣ እርምሽን አውጪ» ይለኛል። ለአገሩ ሁሉ ሙሾ አውርጄ ለልጄ አላወረድኩም። ያወረድኩለት ዕለት በገዛ አፌ ገደልኩት ማለት ነው፤ ይገባሃል?

ዝም ማለት ደግሞ አልቻልኩም። ስለዚህ በሰው ለቅሶ መሀል የእኔን አንድ ስንኝ ጣል አደርጋለሁ። ባሏ መንገድ የቀረባት ስትሰማው ላልቶ ይሰማታል፣ ለባሏ ታለቅሳለች። እኔ በልቤ አጥብቄ «አለ» እላለሁ። ለ ላይ ስደርስ ድምፄን እቆርጠዋለሁ፣ ማንም እንዳያውቅብኝ። አንተ ብቻ ነህ ቃሏን የጠየቅኸኝ። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ሰው አልጠየቀኝም፤ ለቅሶ አዋቂ ነህ፣ ተባረክ።

አውጣው ያልኩህ ፈርቼ ነው። ሬሳ በሌለበት አርባ ሰው ቢዘምረው ባለቤት ሲፈልግ ሄዶ ቢያዝን ላይ ያርፋል ብዬ ነው። አሁን ግን ሌት ተቀን ሳስበው ሌላ ነገር መጣብኝ። አርባ ሰው በአንድ አፍ አጥብቆ «አለ» ካለልኝ፣ የእኔ የአንዷ ያልተሰማው እግዚአብሔር የአርባውን ይሰማ ይሆናል። ስለዚህ ፈቅጄልሃለሁ። አጥብቃችሁ ዘምሩት። አላልታችሁ ከዘመራችሁት ግን ልጄን ቀበራችሁት፤ በእናትህ በወለተ ሰንበት አምልሃለሁ።

ያ ፈንታዬ የምትለው ሰው ሸንኮራ ቤት ከነበረ ጠይቀው። ቢያዝን ረጅም ነው፤ በግራ ቅንድቡ ላይ በሬ የወጋው ጠባሳ አለ። ሥራ ላይ ግጥም ሳይገጥም አይውልም፣ በእኔ ወጥቶ።

እናትህ የብርጓል

—

አዲስ አበባ፣ የካቲት 3 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለእትዬ የብርጓል

እንደምን ሰነበቱ? ሰባት ሳምንት ሙሉ ምን ዋጠህ ብለው በነጋዴ የላኩብኝ መልእክት ደርሶኛል። እውነትዎን ነው፤ የማልመልስበት ምክንያት አልነበረኝም። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አሞኝ ነበር፣ ከዚያ ሥራ በዛ፣ ከዚያ ከፈንታዬ ጋር ወደ አዋሽ በኩል ሁለት ቀን ሄድን። አገሩ ሞቃት ነው።

ፈንታዬን ጠይቀው ላሉኝ ጠይቄዋለሁ። ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ስለ እሱም፣ ስለ ሌላውም ነገር ፊት ለፊት ስንገናኝ ይሻላል። ለፋሲካ ከአጎቴ ጋር እመጣለሁ፤ ምናልባት አንድ ሁለት ሽማግሌም አብረውን ይመጡ ይሆናል።

ዝማሬያችን የካቲት 13 ቅዳሜ ነው። ልጆቹ ደርሰውልኛል። ዘሪቱ እጅዎን ትስማለች፤ «እትዬ የብርጓል ምን ዓይነት ሰው ናቸው?» እያለች ታስቸግረኛለች፤ ደጃቸውን የማይዘጉ ሰው ናቸው እላታለሁ። የሰባተኛውን ቃል ነገር ብዙ አስቤበታለሁ።

በማውቀውም በማላውቀውም ያስቀየምኩዎት ነገር ካለ ይቅር ይበሉኝ።

ባምላኩ

—

ሮብ ገበያ፣ የካቲት 27 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለባምላኩ

ሰማሁህ።

የትምህርት ቤቱ መምህር ለመሪጌታ «የሮብ ገበያዋ አልቃሽ ሙሾ በሬዲዮ ሊሰማ ነው» አለው። መሪጌታ በቅሎውን ጫነልኝና ደብረ ማርቆስ ወረድን። አመተ ማርያም የምትባል ሴት ሻይ ቤት ውስጥ ሬዲዮ አለ። የካቲት 20 ቅዳሜ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ወንበር ሰጡኝ። ሾፌሮች ይጮኻሉ፣ ብርጭቆ ይንኳኳል፤ ያቺ ልጅ ስም መጥራት ስትጀምር ግን ሾፌሮቹ ወንበራቸውን ወደ ሬዲዮው አዞሩ።

ልጄ፣ ምን ልበልህ? እኔ ብቻዬን ከሜዳ ላይ የጮኽኩትን ነገር አንተ ቤት ሠርተህለታል። ወፍራሞቹ ሲመጡ ከታች ከወንዙ ለቀስተኛ ሲወጣ የምሰማ መሰለኝ። የእናትህን ገል አራት ጊዜ አስለዋወጥካት፣ አራት ጊዜ አቃጠለችኝ። ባለ ሻይ ቤቷ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ እንደ ቆመች ቀረች። መሪጌታ አንሙት የሚያውቀውን ዜማ ሁሉ ረስቶ «ይህ ልጅ ከየት ተማረው?» ይላል። ኮራሁብህ። እንዲህ አልኮራም፣ ታውቀኛለህ።

ሰባተኛው መጣ። ሴቶቹ አጠበቁት። ወንዶቹም አጠበቁት። አለ፣ አለ፣ አለ አሉ፤ እኔም አብሬ አልኩ፣ ሰው ፊት፣ ሳልደብቅ። ከዚያ ሁሉም ዝም አለና አንድ ወፍራም ድምፅ ብቻ ቀረ። እሱ ቃሏን አንድ ጊዜ ደገማት።

አላላት።

እንደ እኔ አልቆረጣትም። ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻዋ ወሰዳትና አስቀመጣት። ከዚያ ሌላ ሰው መናገር ጀመረ፣ ስለ እህል ዋጋ።

ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ። መሪጌታ «ምን ሆነሻል?» አለኝ። አመተ ማርያም አልጠየቀችኝም፤ የራሷን ነጠላ አዘቅዝቃ አጠገቤ ተቀመጠች።

አጥብቄ ሰጠሁህ፣ አላልተህ መለስክልኝ። ተሳስታችሁ ከሆነ ጻፍልኝ። ካልተሳሳታችሁም ጻፍልኝ። ፋሲካን መጠበቅ አልችልም።

የብርጓል

—

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 9 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለእትዬ የብርጓል

አልተሳሳትንም።

መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ። ሽማግሌ ይዤ በጠዋት ደጅዎ ልመጣ ነበር ሐሳቤ። ሮብ ገበያ ሬዲዮ የለም ብዬ ተማመንኩ፤ ደብረ ማርቆስ ድረስ በበቅሎ ይወርዳሉ ብዬ አላሰብኩም። ማሰብ ነበረብኝ።

ደብዳቤዎን ለፈንታዬ ባነበብኩለት ጊዜ ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ ላይ ስደርስ አስቆመኝ። አንድ ጎጆ ውስጥ ይተኙ ነበር። ቢያዝን በሁለተኛው ዓመት ከፋሲካ በፊት በወባ ታመመ፣ አራት ቀን ብቻ። ፈንታዬ ጎኑ ነበር። መቃብሩን ይዞኝ ሄዶ አሳየኝ፤ ከሸንኮራው ማዶ ገብርኤል ደጅ ነው፣ ድንጋይ አለበት፣ ፈንታዬ ራሱ ያስቀመጠው። ሥራ ላይ ግጥም ያወርድ ነበር፣ ሰው ማጭዱን ጥሎ ይስቅ ነበር አለኝ። የሁለተኛውን ዓመት ቃል ያመጣልዎት ሰው ከሕመሙ በፊት የሰማውን ነው የነገረዎት፤ አልዋሸም። በአራተኛውም ቀን ቢያዝን ለፈንታዬ «እመጣለሁ በልልኝ» አለ። ፈንታዬ ከዚያ ወዲህ ጎጃም አልረገጠም፤ ያንን ቃል ይዞ እንዴት ፊትዎ እንደሚቆም አያውቅም ነበር።

ሰባት ሳምንት ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። አርባ ሰው አጥብቆ እንዲዘምር በእናቴ አስምለውኛል። አዘመርኳቸው። ግን ፈንታዬ በመጨረሻው ልምምድ «እኔ አጥብቄ ማለት አልችልም፤ አለ ሲል ሰምቼዋለሁ፣ በጆሮዬ» አለኝ። ምን ልበለው? የቢያዝን የመጨረሻ ቃል ከእሱ በቀር ማንም ዘንድ የለም። ሌላው ሰው ሁሉ የእርስዎን «አለ» ይበል፣ እሱ የሰማውን ይበል ብዬ ፈቀድኩለት።

መሐላዎን አፍርሻለሁ። ከሰባቱ ግጥሞች የወደድኩት ይህ መሆኑ ደግሞ አሁን ያሳፍረኛል። ይቅር ካሉኝ እመጣለሁ። ካላሉኝም እመጣለሁ።

ባምላኩ

—

ሮብ ገበያ፣ መጋቢት 26 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ ለባምላኩ

ጾም ነው ብለን ነገሩን አላሳነስነውም፤ ለቅሶው ሦስት ቀን ተቀመጠ። ከዲማ ድረስ ሰው መጣ። ሠላሳ ዓመት ያስለቀስኳቸው ሁሉ ብድራቸውን ሊመልሱ ነው መሰለኝ፣ ግቢው አልበቃ አለ። ሙሾ የሚያወርድ ግን ጠፋ፤ እኔ ፊት ማን ደፍሮ አፉን ይክፈት? ስለዚህ ራሴ ተነሣሁ። መሪጌታ እየጻፈ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው እርጥበት የእሱ ነው፣ የእኔ አይደለም።

አለ እያልኩ ኖሬ አለ ሆኖ ቀረ፤
አንዲት ፊደል ላልታ ልጄ ተቀበረ።

መሪጌታ ይኸኛውን አልገሠጸም።

ይቅርታ ጠይቀሃል። ልጄ፣ እኔ መርዶ ነጋሪ ብዙ አይቻለሁ። በሩን አንኳኩቶ፣ ዶሮ ሳይጮህ ቤቱን በሰው ሞልቶ፣ ጥሎብህ የሚሄድ ነው። አንተ ግን መጀመሪያ በአርባ ሰው አፍ «አለ» አልክልኝ። አሥር ዓመት ብቻዬን ያልኩትን አንድ ጊዜ ከአርባው ጋር ጠግቤ አልኩት። ከዚያ ነው ያ ሰው ቀስ ብሎ ያስቀመጠልኝ። እንዲህ ያለ ሥራ እኔ ሠርቼ አላውቅም፤ አገሩ ሁሉ የእኔን ያደንቃል፣ እኔ ደግሞ የአንተን አደነቅኩ። መሐላውን በእናትህ ፊት ፈትቼልሃለሁ።

አዲሱን ስንኝ ስምንተኛ አድርገው። አሁን ባለቤት አለው፤ ስሙን ዘሪቱ ትጥራ። ቢያዝን። ጮክ ብላ ትጥራው፣ አትፈር።

ፈንታዬን ይዘኸው ና። ሽማግሌዎቹን ተዋቸው፣ ሥራ የላቸውም። የልጄን ቃል አሥር ዓመት በአደራ ይዞ የኖረ ሰው ነው፤ እግሩን አጥቤ፣ በቢያዝን መደብ ላይ አስቀምጬ፣ እንዴት እንዳለው ከአፉ ልስማ። ደጄን አልዘጋሁትም።

አንተም ሁለት ጊዜ «እመጣለሁ» ብለህ ጽፈሃል። መሪጌታ እንዴት ላንብበው ቢለኝ፣ የዚህን ልጅ አጥብቀህ አንብብልኝ አልኩት።

እናትህ የብርጓል ፈንታ